ጥቁርና ቀይ፦ ሄንሪ ጋንት እና የሥራን ሁኔታ በቀለም የማሳየት ጥያቄ

የሶፍትዌር ሥርዓትን በዩኤምኤል ወይም በተመሳሳይ የሞዴል ቋንቋ የሚነድፉ ባለሙያዎች የዲያግራሙን ክፍሎች እንደየሁኔታቸው ቀለም መስጠት ለምደዋል። የጸደቀው አረንጓዴ፣ በግምገማ ላይ ያለው ቢጫ፣ የተሻረው ግራጫ ይሆናል፤ የክፍሉ የሁኔታ መለያ ሲለወጥ ቀለሙም በተቀመጠለት ደንብ መሠረት አብሮ ይለወጣል። አሠራሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ መልክ ማስተካከያ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል። አንድን ነገር እንደ ሁኔታው በቀለም መለየት ፍርድ መስጠት በመሆኑ፣ ማን በማን ላይ፣ በምን መስፈርት እንደሚፈርድ ሊጠየቅ ይገባል። ጥያቄውን በግልጽ ለማየት ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት ወደ ኖረው መሐንዲስ፣ ወደ ሄንሪ ሎውረንስ ጋንት ሕይወት መመለስ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋንት በ1861 በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ካልቨርት በተባለ አውራጃ ተወለደ። ቤተሰቡ በባሪያ ጉልበት የሚታረስ እርሻ የነበረው ሲሆን የእርስ በርስ ጦርነቱ ሀብቱን አሳጣው። ልጁ ለችግረኛ ወንዶች ልጆች በተቋቋመው ማክዶኖ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1880 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ጥቂት ዓመታት ካስተማረ በኋላም በ1884 ከስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመካኒካል ምሕንድስና ዲግሪውን አገኘ። በ1887 በፊላዴልፊያ ወደሚገኘው ሚድቬል የብረት ፋብሪካ ሲቀጠር ከፍሬድሪክ ቴይለር ጋር ተገናኘ፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱ ስም ተለያይቶ አያውቅም።

ይሁን እንጂ ጋንትን የቴይለር ጥላ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ቴይለር ባወጣው የክፍያ ሥርዓት ከተወሰነለት የሥራ መጠን በታች ያመረተ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ምርት የሚከፈለው ሒሳብ ዝቅ ይልበት ነበር። ጋንት በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ ሳለ በ1901 ያቀረበው ሥርዓት ግን የዕለት ደመወዙን ለሁሉም አረጋግጦ፣ የተሰጠውን ሥራ በተወሰነው ጊዜ ለፈጸመው ጉርሻ ይጨምር ነበር። ለመማር ጊዜ የሚያስፈልገው ሠራተኛ በልምምዱ ወቅት አይቀጣም ማለት ነው። አስተማሪ ሆኖ ያሳለፋቸው ዓመታት እዚህ ላይ ይታያሉ ብዬ አምናለሁ።

ቀለም የገባው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። የእያንዳንዱ ሠራተኛ የዕለት ውጤት በሰንጠረዥ ላይ ይመዘገባል፤ ጉርሻውን ያገኘበት ቀን በጥቁር፣ ያላገኘበት ቀን በቀይ ይሰመራል። የሥራ ኃላፊው አንድ ጊዜ ተመልክቶ ማን እንደዘለቀና ማን እንደወደቀ ይለያል። ዛሬ በሞዴል መሣሪያ ውስጥ የምናስቀምጠው ደንብ ከዚህ የተለየ አይደለም፦ አንድ መለያ፣ ሁለት እሴት፣ ሁለት ቀለም።

ልዩነቱ ቀዩ የሚከሰው ማንን ነው በሚለው ላይ ነው። በጋንት ሥርዓት ፎርማኑም ጉርሻ ባገኘ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ልክ ይከፈለው ነበር፤ ሁሉም ካገኙ ደግሞ ይጨመርለታል። በዚህም ምክንያት በሰንጠረዡ ላይ የቀዩ መብዛት የፎርማኑን ኪስ ይነካል፤ ትኩረቱም ወደ ደካማው ሠራተኛ እንዲዞር ያስገድዳል። አንድ ቀለም ሠራተኛውንም አለቃውንም በአንድ ጊዜ ይመዝናል። በ1908 ሠራተኞችን ስለ ማሠልጠን ለአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ ቀጥሎም በ1910 በታተመው መጽሐፉ ያስፋፋው ይህንኑ ሐሳብ ነው።

ከ1910 በኋላ ሐሳቡ ከሠራተኛው አልፎ ወደ ፋብሪካው አስተዳደር ተሻገረ። ሥራ ፈትቶ የቆመ ማሽን ወጪ በምርቱ ዋጋ ላይ መጫን የለበትም፣ የወጪው ተጠያቂ ማሽኑን ያቆመው ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ቢመስልም በሥዕሉ ላይ ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ለጦር መሣሪያ ምርትና ለመርከብ ግንባታ ሲሠራ ዝነኛ ያደረገው ሰንጠረዥ ታቅዶ የነበረውንና የተፈጸመውን በአንድ የጊዜ መስመር ላይ አጎራብቶ አሳየ። ቀጭን መስመር የየዕለቱን፣ ወፍራም መስመር የተጠራቀመውን ሥራ ያመለክታል።

ጋንት በኅዳር 1919 ሲያርፍ የሰንጠረዡን አሠራር በአንድ መጽሐፍ አጠቃሎ አልተወም ነበር። ያንን የሠራው ባልደረባው ዋላስ ክላርክ ሲሆን መጽሐፉ በ1922 ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ፖላንዳዊው ካሮል አዳሚየትስኪ ተመሳሳይ ሰንጠረዥ ቀደም ብሎ ቢነድፍም በሰፊው ስላልታወቀ ስሙ ለጋንት ቀርቷል።

ለሞዴል ጥናት ከሁሉ የሚጠቅመው በክላርክ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኙት ፊደላት ናቸው። መስመሩ ባጠረበት ቦታ ላይ ምክንያቱን የሚያመለክት አንድ ፊደል ይጻፋል፦ የጥሬ ዕቃ እጥረት፣ የመሣሪያ ችግር፣ የማሽን ጥገና፣ የመመሪያ ጉድለት፣ ወይም የሠራተኛው ለሥራው አዲስ መሆን። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሠራተኛው ጥፋት አይደሉም። ከቀለም ወደ መስመርና ፊደል የተደረገው ሽግግር ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀይን ከጥቁር መለየት የሚያስቸግረው አንባቢም ሥዕሉን ያነባል።

የዛሬው የሞዴል ዲያግራም በአመዛኙ የቀረው በጥቁርና ቀዩ ደረጃ ላይ ነው። የሁኔታ መለያው አንድ እሴት ይይዛል፣ ቀለሙም እሱን ብቻ ይከተላል። አንድ ክፍል ቀይ ሆኖ ሲታይ ንድፉ ስለተሳሳተ ይሁን፣ የተጠቃሚው ፍላጎት ስላልተወሰነ ይሁን፣ ወይም ገምጋሚው ስላላየው ይሁን ከሥዕሉ አይታወቅም፤ ተመልካቹ ግን በክፍሉ ላይ የተጻፈውን የነዳፊውን ስም ያያል። ከሁኔታው ጎን ምክንያቱን የሚይዝ ሁለተኛ መለያ መጨመርና እሱን በቀለም ሳይሆን በፊደል ወይም በምልክት ማሳየት በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ዛሬውኑ የሚቻል ሥራ ነው።