ራስ አባተና የዋቸሞ ቦታ

ሆሳዕና ላይ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሆን ቤት ለምን ጠፋ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማዘጋጃ ቤት ነው። እኔ ግን ከከተማዋ መሥራች ሕይወት ብንነሣ እመርጣለሁ።

አባተ ቧያለው በአፄ ምኒልክ ዘመን ሊቀ መኳስ ነበሩ፤ በጦር ሜዳ ንጉሡን መስሎ የመታየት ሹመት ነው። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌና በዓድዋ በመድፈኝነታቸው ስማቸው ገነነ። በኋላም ከምባታን እንዲገዙ ተሾሙ፤ የዛሬው የሀዲያ ምድርም በዚያው ግዛት ሥር ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ዋቸሞ በተባለው ስፍራ ከተማ ቆረቆሩ፤ በሆሳዕና በዓል ስምም ተጠራች። ነባሩን ስም ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ይዞታል።

በእንዲህ ያለ የጦር ሰፈር ቦታ የሚታደለው በማዕረግ ነበር፤ መጀመሪያ ለገዢው፣ ቀጥሎ ለመኳንንቱ፣ ከዚያ ለነፍጠኛው። ገባሩ እንጨት ቆርጦ፣ ሣር አጭዶ፣ አጥር አጥሮ የሰው ቤት ይሠራል፤ በሠራው ቤት ግን ድርሻ የለውም። ሥርዓቱን የፈጠሩት አባተ አይደሉም፤ በደቡብ ሁሉ የነበረ ነው። የዓድዋ ጀግንነታቸውንም ማንም አይነጥቃቸውም።

በ1902 ዓ.ም. ኮረም ላይ ደጃዝማች አብርሃ አርአያን ድል ነሡ፤ ራስም ተባሉ። በ1903 ዓ.ም. እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው ሲሞቱ ሥልጣን ለመያዝ ሞክረው ሳይሳካ ቀረ። በልጅ ኢያሱ ዘመን ታሰሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አረፉ።

የማዕረጉን ድልድል ያፈረሰው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ፈቀደ፤ ኪራይም ቀነሰ። ደሃው ቀበሌ ቤት ገባ። ቤቱ ሲያረጅ የሚያድስ፣ ሕዝቡ ሲበዛ የሚጨምር ግን አልተገኘም። ሊዝ በ1986 ዓ.ም. ታወጀ፤ በ2004ቱ አዋጅ ደግሞ ጨረታ ዋናው መንገድ ሆነ። ከደቡብ አፍሪካ ገንዘብ የሚላክለት ቤተሰብ ፎቅ ያቆማል፤ እሰየው! ጉልት የምትቸረችር እናት ግን በምን አቅሟ ትጫረት? ኮንዶሚኒየሙም ቢሆን ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ትናንት በማዕረግ ይገኝ የነበረው ቦታ ዛሬ በገንዘብ ሆነ እንጂ ለእርሷ የተለወጠ ነገር የለም።

በየክረምቱ በበጎ ፈቃደኞች የአቅመ ደካሞችን ጣሪያ መክደን መልካም ነው፤ ተከራዩን ግን አይደርሰውም። በእኔ እምነት የሆሳዕናም ሆነ የዱራሜ ማዘጋጃ ቤቶች ቦታ ለጨረታ ከማውጣታቸው በፊት በአነስተኛ ዋጋ ለሚከራይ ቤት የሚሆነውን ቆርጠው ሊያስቀሩ ይገባል።