አርቱር ራምቦ በሐረር፤ ብቸኝነቱና ሕመሙ

አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1854 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። የአገሩን ሥነ ግጥም የለወጡትን ቅኔዎቹን ገና በወጣትነቱ ጽፎ ጨረሰና ብዕሩን ጣለ። ከዚያም ሥራ ፍለጋ ብዙ አገር ዞሮ በ1880 ዓደን ደረሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የባርዴ ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ፣ በግብፆች እጅ ወደነበረችው ወደ ሐረር ገባ። እስከ 1891 ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በከተማዪቱ ኖረ፤ ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይነግድ ነበር።

ለቤተ ሰቡ የላካቸው ደብዳቤዎች እሮሮ የሞላባቸው ናቸው። የሚያወያየው ባልንጀራ ማጣቱን፣ መሰልቸቱን፣ ጠጉሩ ያለ ዕድሜው መሸበቱን፣ ትዳር ይዞ ልጅ የማሳደግ ምኞቱ መራቁን ደጋግሞ ገልጿል። ይህን ብቻ የሚያነብ ሰው የድባቴ ሕመምተኛ ነበር ለማለት ይቸኩላል።

ይሁንና ድባቴ በእሮሮ ብቻ አይታወቅም። ኀዘኑ ወይም የፍላጎት መጥፋቱ ቢያንስ ለ2 ሳምንት የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሲይዝ፣ ከዚህም ጋር እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ሲዛባ፣ አካል ሲዝል፣ ተስፋ ሲቆረጥ፣ የዕለት ሥራ ሲስተጓጎል ነው። ራምቦ ግን በእነዚያው ዓመታት ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀው ጽሑፍ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ፤ ፎቶግራፍ አነሣ፤ በ1887 የጦር መሣሪያ ጭኖ ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ እስከ እንጦጦ ዘለቀ፤ በኋላም በሐረር የራሱን ንግድ አቋቋመ። ብቸኝነቱ እውነተኛ ሥቃይ ነበር፤ የሥቃይ ሁሉ ስም ግን ሕመም አይደለም።

በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። የደም ሥር ሕመም መስሎት እናቱን ለእግሩ የሚጠብቅ ካልሲ እንድትልክለት ጠየቀ። መራመድ ሲሳነው እንኳ አልጋውን በመስኮቱ አጠገብ አዘርግቶ ሚዛኑን ይቆጣጠር ነበር። በመጨረሻ ኤፕሪል 7 ቀን 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር ወጣ፤ በረሃውን አቋርጦ በ12ኛው ቀን ገደማ ዘይላ ደረሰ። በዓደን በኩል ወደ ማርሴይ ተሻግሮ በኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ሜይ 27 ቀን እግሩ ተቆረጠ።

የመንፈሱ ሁኔታ በግልጽ የተለወጠው ከዚህ በኋላ ነው። ሌትና ቀን ማልቀሱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ሕይወቱ እንዳበቃ መቁጠሩን ለእህቱ ለኢዛቤል ጻፈላት። የውትድርና ግዴታውን አልፈጸመም ተብሎ እንዳይታሰርም ይሠጋ ነበር። ሐኪሞቹ ቁስሉን ሲያክሙ፣ የልቡን ጭንቀት ያደመጠችው በደብዳቤ እህቱ ብቻ ነበረች። ዛሬ ቢሆን የቀዶ ሕክምናው ቡድን ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ተስፋው፣ ራሱን ስለ መጉዳት ሐሳብ ሊጠይቀው ይገባ ነበር፤ የንግግር ሕክምና፣ እንዳስፈላጊነቱም መድኃኒት፣ እንደገና መራመድ የሚለማመድበት እርዳታም ይሰጠው ነበር።

ካንሰሩ በአካሉ ሲሠራጭ ሌላ ምልክት ታየ። ኢዛቤል እንደመሰከረችው ይቃዥ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም እርሷን በሐረር ያገለግለው በነበረው በጃሚ ስም ይጠራት ነበር። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኖቬምበር 9 ቀን፣ የዝሆን ጥርስ እየቈጠረ ለመርከብ ኩባንያ ሹም ደብዳቤ አጻፈ። ይህ እብደት አይደለም፤ ድባቴም አይደለም። የአካል ደዌ ወይም መድኃኒት አእምሮን ድንገት ሲያውከው፣ በሰዓታት ውስጥ የሚባባስና የሚሻል መቃዠት ነው። ሕክምናውም መንስኤውን መፈለግ፣ ሕመምን ማስታገሥ፣ ክፍሉን ብርሃናማና ጸጥተኛ ማድረግ፣ የሚያውቀውን ሰው በአጠገቡ ማኖር ነው።

ራምቦ ኖቬምበር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ አረፈ። ለጃሚ እንዲሰጥ የተናዘዘው 3000 ፍራንክ ሐረር ሲደርስ ጃሚ ሞቶ ስለ ነበር ወራሾቹ ተቀበሉት። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ብቸኝነት፣ ተስፋ መቁረጥና መቃዠት ተከታትለው ታይተዋል፤ ሦስቱም በአንድ ስም ሊጠሩ፣ በአንድ መድኃኒትም ሊታከሙ አይገባም።