ክራርና ፒያኖን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተማሩት አሸናፊ ከበደ

አቃቂ ቃሊቲ ሲባል ለብዙው የአዲስ አበባ ሰው ትዝ የሚለው የከባድ መኪና ሰልፍ፣ ጉምሩክና ፋብሪካ ነው። እኔም ኗሪው ብሆን ከዚህ የተለየ ነገር አልጠብቅም ነበር። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ካለች አንዲት አዳራሽ የክራር ድምፅ ይሰማል። የምታስተምረው ገና ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለች የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ጣታቸውን እየያዘች ታስጀምራቸዋለች። ከመድረክ ይልቅ ማስተማሩ ልቧን እንደሳበው አጫውታኛለች። አባቷ ግን ልጃቸው ኢንጂነር አለመሆኗ ዛሬም ያንገበግባቸዋል። የምትማርበትን ትምህርት ቤት ማን እንዳቋቋመው ስጠይቃት ስሙን ነገረችኝ፤ ከስሙ አልፋ ግን ብዙም የምታውቀው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእርሷም፣ ለአባቷም ብዬ ነው።

አሸናፊ ከበደ በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። በእርሳቸው የወጣትነት ዘመን ውጭ አገር ሄዶ የመማር ዕድል ያገኘ ወጣት ሕግ፣ ምህንድስና ወይም ኢኮኖሚክስ አጥንቶ ሲመለስ ወንበሩ ይጠብቀው ነበር። ሙዚቃ ግን ሌላ ነገር ነው። አዝማሪ በሠርግና በጠጅ ቤት ይፈለጋል እንጂ ልጄ አዝማሪ ይሁንልኝ ብሎ የሚሳል ወላጅ አልነበረም። አሸናፊ ይህን እያወቁ አሜሪካ ሄደው በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በታዋቂው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ሲይዙ ዕድሜያቸው 24 ዓመት ነበር።

ያን ጊዜ በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ አልነበረም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን መሠረቱን ጥለዋል፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶችም ስመ ጥር ነበሩ። ነገር ግን ኖታ ማንበብ ለሚፈልግ ወጣት ዋናው በር የወታደር ካምፕ ወይም የቴአትር ቤት ነበር። ደብተሩን ይዞ እንደማንኛውም ተማሪ ሙዚቃ የሚማርበት የተደራጀ ቦታ ያስፈልግ ነበር።

ወጣቱ ምሩቅ አገራቸው ተመልሰው የያዙት ሥራ ይህ ነው። በ25 ዓመታቸው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስም በዚሁ ኃላፊነት ቆዩ። የዛሬዋ የአቃቂ ልጅ ከምረቃዋ በኋላ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ የአገሪቱን የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቁሚ ብትባል ብላችሁ አስቡት!

ስያሜው ራሱ ብዙ ይናገራል። ትምህርት ቤቱ በአውሮፓዊ የሙዚቃ ሊቅ ሳይሆን ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ባወረሰን በስድስተኛው ክፍለ ዘመኑ ቅዱስ ያሬድ ተሰየመ። ፒያኖና ቫዮሊን በሚሰጥበት ግቢ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንትም ትምህርት ሆኑ። በእኔ እምነት የአሸናፊ ትልቁ ሥራ ይኸው ነው። ክራር በሕዝቡ ዘንድ ምን ስም እንደነበረው ራሳቸው ቆየት ብለው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ‹‹ኢትኖሚውዚኮሎጂ›› በተባለው የጥናት መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ በርዕሱ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ ይለዋል፤ በገና የዳዊት፣ የጸሎትና የመኳንንት ሲሆን ክራር የጠጅ ቤትና የፍቅር ዘፈን መሆኑን ለማሳየት ነው። እንዲህ የተናቀውን መሣሪያ ፈተና የሚወሰድበት ትምህርት ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል።

አሸናፊ አቀናባሪም ነበሩ። በአማርኛ ‹‹እረኛው ባለዋሽንት›› በሚል የሚታወቀውን ሥራቸውን የሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ ሲጫወተው መሪው እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ሃንጋሪ ደግሞ የዞልታን ኮዳይ አገር ናት። ኮዳይ ከጓደኛው ከቤላ ባርቶክ ጋር ገጠር ለገጠር ዞሮ የገበሬውን ዜማ የሰበሰበ፣ ከዚያም ያንኑ ዜማ የሕፃናት መማሪያ ያደረገ ሰው ነው። የጥንቱ የሃንጋሪ ገበሬ ዜማ እንደ ትዝታና ባቲ በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ መሆኑ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚገርም ነው። አሸናፊን ጥቁሩ ኮዳይ ብለው የጠሯቸው ሰዎች የነበሩትም በከንቱ አይደለም።

በመካከሉ ‹‹ኮንፌሽን›› የተባለ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል፤ ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ ከጻፏቸው ቀደምት ልብ ወለዶች አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ዳይሬክተርነቱን ትተው እንደገና ወደ አሜሪካ አቀኑ። በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ጥናት ሠርተው በ1971 ዶክትሬታቸውን አገኙ። ከዚያ በኋላ የሕይወታቸው ቀሪ ክፍል ያለፈው እዚያው ነው። በኒውዮርክ ኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመው መጽሐፋቸው የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን ዜማ፣ መሣሪያና ውዝዋዜ አያይዞ የሚተርክ ነው። የጃፓኑን ኮቶ ከዋሽንት መሰሉ ፍሉት፣ ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር ያዋሐዱበት ‹‹ኮቱሬዥያ›› የተባለ ሥራም አላቸው። ሁሉም የሚያስከብር ነው። ሆኖም እኔን ብትጠይቁኝ አዲስ አበባ ላይ ያሳለፏቸው እነዚያ አምስት ዓመታት አሜሪካ ካሳለፏቸው ሠላሳ ዓመታት ይከብዱብኛል። ዩኒቨርሲቲዎቹ እርሳቸው ባይኖሩ ሌላ ፕሮፌሰር ይቀጥሩ ነበር።

ፕሮፌሰር አሸናፊ በ1990 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው አረፉ። የዛሬ ልጆች ስማቸውን ከዘፋኞች ስም ጋር አይሰሙትም፤ የመምህር ዕጣ ይህ ነውና አይገርምም።

ትምህርት ቤቱ ግን እርሳቸው ከሄዱ በኋላም ሥራውን አላቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓለሙ አጋ በገና አስተማሩበት፤ ደርግ መንፈሳዊ ነው ብሎ እስኪያስቆመው ድረስ። ቡልጋሪያውያን መምህራን መጡ፣ ተማሪዎችም ወደ ሶፊያ ተላኩ። ከእነዚያ አንዱ ግርማ ይፍራሸዋ ነው። በልጅነቱ መጀመሪያ የተዋወቀው ከክራር ጋር ነበር፤ በ16 ዓመቱ ያሬድ ሲገባ ከፒያኖ ጋር ተገናኘ፤ ዛሬ የኢትዮጵያን ዜማ በፒያኖ ይዞ በዓለም መድረኮች ይጫወታል።