ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ የማያስታውሷትን ሀገር የመረጡ ሰው

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰውተው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ፣ በግርግሩ መካከል ከወላጆቹ የተለየ አንድ ሕፃን ተገኘ። ዕድሜው ከሦስት ዓመት ብዙም አይበልጥም ነበር። የጎንደሩ የእሸቴ ልጅ ወርቅነህ ነው። ቻምበርሌን የተባለ ኮሎኔል ወደ ሕንድ ወሰደው፤ እርሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ቻርለስ ማርቲን ተብሎ አደገ።

ላሆር ሕክምና ተማሩ፤ ስኮትላንድ ተሻግረው ዕውቀታቸውን አዳበሩ፤ ከዚያም በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ሐኪም ሆኑ። የተደላደለ ደመወዝና የተከበረ ማዕርግ ነበራቸው። የአማርኛ ቋንቋ ግን ከአፋቸው ጠፍቷል። ስለ ወላጆቻቸው የሚያውቁት እጅግ ጥቂት ነበር።

በ1888 ዓ.ም የአድዋ ድል ወሬ በዓለም ሲናኝ የሐኪሙ ልብ ተነሣ። ይህን በዛሬ ዓይን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። የሚጠራቸው ዘመድ፣ የሚጠብቃቸው ሥራ፣ የሚጋብዛቸው ደብዳቤ አልነበረም። መነሻቸው ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ማወቃቸው ብቻ ነበር። ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው በ1891 ዓ.ም ገደማ በባሕርና በቅፍለት ተጉዘው አዲስ አበባ ገቡ። የትውልድ ሀገራቸውን ሰው ያነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር።

መቅደላ ላይ የጠፋው ልጅ መጣ መባሉ በተሰማ ጊዜ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጄ ነው ብለው ቀረቡ። ነገሩ የተረጋገጠው በቃል ብቻ አይደለም፤ አያቱ በሰውነታቸው ላይ የነበረውን የልጅነት ጠባሳ ያውቁ ነበርና። ቻርለስ ማርቲን ወርቅነህ የሚለውን ስም ከነባለቤቶቹ ያገኙት ያን ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉን ጥለው ወዲያው አልቀሩም። ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ፤ በ1900 ዓ.ም ገደማ ዳግመኛ መጥተው በሕመም የተያዙትን ዐፄ ምኒልክን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሄዱ። ለቆራጥ ሰው ይህ ማመንታት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጡረታቸውን ሳያስከብሩ ቤተሰባቸውን ለችግር ማጋለጥ አልፈለጉም። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ቀፀላ ቱሉ ብዙ ልጆች ወልደው ነበር። ጠቅልለው የገቡት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ ወዲያ ነው።

ሀገሪቱም ከሕክምና ያለፈ ሥራ ሰጠቻቸው። በ1917 ዓ.ም የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ሆኑ። ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች ቀለምና ሙያ እንዲማሩ ደከሙ። የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ሲሾሙም አሰበ ተፈሪን መቀመጫቸው አድርገው መንገድ አሠሩ፤ አውራጃው ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ነበርና ሹማምንቱ ከገበሬው በሚወስዱት ፈንታ በደመወዝ እንዲኖሩ ሞከሩ። ለገበሬው ከመንገዱም ይልቅ ይህኛው ሳይበልጥ አልቀረም።

ፋሽስት ኢጣሊያ ሲወር ሐኪሙ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ያሳደጋቸው መንግሥት ለተወለዱባት ሀገር እንዲደርስላት ደጅ ጠኑ፤ አልሆነም። በዚሁ ጊዜ በእንግሊዝ ሀገር የምሕንድስና ትምህርት የተማሩት ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ የአባታቸውን መንገድ በራሳቸው ውሳኔ ደገሙት፤ ወደ ጦር ሜዳ ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ከራስ እምሩ ጦር ጋር በጠላት እጅ ወደቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ሁለቱም ተገደሉ።

አባት ይህን መርዶ የሰሙት በስደት ሳሉ ነው። ከነፃነት በኋላ ግን ልጆቻቸውን ወደበላችው አዲስ አበባ ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም እስኪያርፉም ድረስ በዚያው ኖሩ።