ፍሎረንስ ናይቲንጌል፦ ሞትን በምክንያቱ ለይተው የቆጠሩ ነርስ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል የዘመናዊ ነርስነት ሙያ መሥራች በመሆን በዓለም ዙሪያ ይታወቃሉ። የልደታቸው ዕለት የሆነው ግንቦት 4 ቀን የዓለም የነርሶች ቀን ሆኖ በሀገራችንም ይከበራል። ከሕክምና እንክብካቤው ባልተናነሰ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ሥራቸው ግን የሕሙማንና የሙታንን መዝገብ በምድብ ከፍሎ በሰንጠረዥ ማጠቃለል ነበር።

የልጅነት ጊዜና ትምህርት

ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1820 በጣሊያን ፍሎረንስ ከተማ ከባለጸጋ እንግሊዛዊ ቤተሰብ ተወለዱ፤ ስማቸውም የከተማዋ ስም ነው። አባታቸው ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና በቤት ውስጥ አስተማሯቸው። እርሳቸው ደግሞ ለሒሳብ ልዩ ፍቅር ነበራቸው። ነርስ የመሆን ፍላጎታቸውን ቤተሰባቸው ለዓመታት ቢቃወምም፣ እ.ኤ.አ. በ1851 በጀርመን ካይዘርስቬርት ሥልጠና ወሰዱ፤ በ1853 በለንደን የአንድ አነስተኛ የሕሙማን ተቋም ኃላፊ ሆኑ።

በስኩታሪ ሆስፒታል

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1854 የክራይሚያ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት 38 ነርሶችን አስከትለው በኢስታንቡል አቅራቢያ ወደሚገኘው የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ደረሱ። ሕንጻው በተበላሸ የፍሳሽ መስመር ላይ የቆመ፣ የተጨናነቀና አየር የማይዘዋወርበት ነበር። የሙታን ቁጥር በሦስት የተለያዩ መዝገቦች ይያዝ የነበረ ሲሆን፣ ሦስቱም እርስ በርሳቸው አይጣጣሙም ነበር። በዚህ ምክንያት ስንት ወታደር በምን ምክንያት እንደሞተ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1855 ከለንደን የተላከ የጤና አጠባበቅ ኮሚሽን የፍሳሽ መስመሩን አስጠረገ፤ አየር እንዲዘዋወርም አደረገ። ከዚያ በኋላ የሞት ቁጥር በፍጥነት ቀነሰ።

ድምሩ የሸሸገውን ምድቡ ሲገልጥ

ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1856 ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። በእንግሊዝ የልደትና ሞት መዝገብ ቤት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ከነበሩት ከዊልያም ፋር ጋር በመሆን የጦሩን መዝገቦች መረመሩ። ሥራው ሦስት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ሞት በምክንያቱና በወሩ መደቡ፤ ቀጥሎ የየምድቡን ድምር አወጡ፤ በመጨረሻም ድምሩን በዚያ ወር ከነበረው የጦሩ ብዛት ጋር በማነጻጸር የሞት ምጣኔውን አሰሉ።

የጃንዋሪ 1855 መዝገብ ለዚህ ማሳያ ነው። በዚያ ወር 32,393 ብርቱ ካለው ጦር ውስጥ 3,168 ወታደሮች ሞተዋል። ድምሩ ብቻውን ሲታይ የጦር ሜዳ እልቂት ሊመስል ይችላል። በምክንያት ሲከፈል ግን የሚከተለውን ያሳያል፦

• መከላከል በሚቻል በሽታ የሞቱ፦ 2,761
• በቁስል የሞቱ፦ 83
• በሌሎች ምክንያቶች የሞቱ፦ 324

ከመቶው ሟች 87ቱን የገደለው ንጽሕና በማጣት የሚስፋፋ በሽታ እንጂ የጠላት ጥይት አልነበረም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1856፣ የጦሩ ብዛት ከ44,000 በላይ ሆኖ ሳለ በእነዚሁ በሽታዎች የሞቱት 42 ብቻ ነበሩ። ምጣኔው ከ1,000 ወታደር ከ85 ወደ አንድ እንኳ ያልሞላ ቁጥር ወረደ ማለት ነው።

ናይቲንጌል በሰላም ጊዜ በእንግሊዝ የጦር ሰፈሮች የሚኖሩ ወታደሮችንም በዕድሜ ለይተው ከእኩዮቻቸው ሲቪሎች ጋር አነጻጸሩ። የወታደሮቹ የሞት ምጣኔ ወደ እጥፍ የተጠጋ ሆኖ ተገኘ። ሰንጠረዦቹንና ከእነርሱ የተዘጋጁትን በቀለም የተለዩ ሥዕላዊ መግለጫዎች እ.ኤ.አ. በ1857 ለተቋቋመው የንጉሣዊ ኮሚሽን ሥራ አቀረቡ። በዚህም ሳቢያ የጦር ሰፈሮች የውኃ፣ የፍሳሽና የአየር ሁኔታ እንዲሻሻል፣ ጦሩም የራሱ የስታቲስቲክስ ክፍል እንዲኖረው ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1858 የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነው ተመረጡ።

ያልተሳኩ ጥረቶችና የመጨረሻ ዓመታት

ሆስፒታሎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅጽና በአንድ ዓይነት የበሽታ ምደባ እንዲመዘግቡ እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን ለተካሄደው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ ሐሳብ አቀረቡ። ቅጹን አንዳንድ ሆስፒታሎች ቢሞክሩትም ጊዜና ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ አልዘለቀም። በ1861 የሕዝብ ቆጠራ ላይ የሕሙማን ብዛትና የመኖሪያ ቤት ሁኔታ እንዲጠየቅ ያቀረቡትን ሐሳብም ምክር ቤቱ ሳይቀበለው ቀረ። በሕመም ምክንያት ለረጅም ዓመታት ከቤት ባይወጡም በ1860 በለንደን የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በሕንድ ስለነበረው ጦር ጤናም ሰፊ ጥናት አካሄዱ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመታቸው በለንደን አረፉ።

ለተገልጋዮች

ናይቲንጌልና ፋር ለወራት የደከሙበትን ማጠቃለያ ዛሬ የኮምፒውተር ሶፍትዌር በዕድሜ፣ በጾታ፣ በአካባቢና በበሽታ ዓይነት ከፍሎ በቅጽበት ያወጣዋል። ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ ያልተመዘገበውን ሊቆጥር፣ በስሕተት የተመደበውንም ሊያርም አይችልም። ስለሆነም ተገልጋዮች ወደ ጤና ተቋም ሲመጡ ዕድሜያቸውን፣ ጾታቸውንና የመኖሪያ አድራሻቸውን በትክክል እንዲያስመዘግቡ፤ በቤተሰብ ውስጥ ሞት ሲያጋጥምም በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቁ ይመከራል።