አሊዲና ቪስራም፦ ለአዲስ መጤ ነጋዴ ዱቤ የሰጡ ስደተኛ

በዚህች የኢዮቤልዩ መጽሔት ውስጥ ማኅበራችንን ስለመሠረቱና ስላገለገሉ ወገኖቻችን ብዙ ተጽፏል። በዚህ ገጽ ደግሞ የእኛ አገር ሰው ያልሆኑ፣ ነገር ግን ዛሬ እዚህ ካምፓላ የምንኖረውን ኑሮ ከመቶ ዓመት በፊት የኖሩ አንድ ሰው እናስታውሳለን። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ቤተሰብ የምናስተዳድረው በምግብ ቤት፣ በሱቅ፣ በፀጉር ቤት ወይም በጋራዥ ነው። በሰው አገር ንግድ ሲጀመር የመጀመሪያው ችግር ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም፤ ቋንቋው አይታወቅም፣ ዋስ የሚሆን ዘመድ የለም፣ ባንክም በሩን አይከፍትም። የእኚህ ሰው ሕይወት የሚጠቅመን ይህንን ችግር ራሳቸው ቀምሰው ለሌሎች ስላቀለሉት ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አሊዲና ቪስራም በ1851 በምዕራብ ሕንድ ኩች በሚባለው አገር፣ ኬራ በተባለች መንደር ተወለዱ። ኩች ዝናብ የሚያጥርበትና ድርቅ የሚደጋገምበት ምድር ስለሆነ፣ ወጣቶቹ ወቅታዊውን ነፋስ ጠብቀው በመርከብ ወደ ዛንዚባር መሻገራቸው የቆየ ልማድ ነበር። አሊዲናም የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በ1863፣ በእጃቸው ገንዘብ ሳይኖር ይህንኑ ባሕር ተሻገሩ።

ከዛንዚባር ፊት ለፊት ባለችው የባጋሞዮ ወደብ፣ ሴዋ ሐጂ ፓሩ ከተባሉ የታወቁ ነጋዴ ዘንድ ሥራ አገኙ። ሴዋ ሐጂም እንደ እሳቸው ከሕንድ ወገን የሆኑ፣ የኢስማኢሊያ እስልምና ተከታይ ነበሩ። ንግዱ እኛ የሲራራ ንግድ የምንለው ዓይነት ነበር። ተሸካሚዎች ጨርቅ፣ ጨሌና የመዳብ ሽቦ ይዘው ወደ መሐል አገር ይገባሉ፤ ከብዙ ወራት በኋላ የዝሆን ጥርስና ሰም ይዘው ይመለሳሉ። ዕቃውን አስጭኖ የላከ ሰው እስኪመለስለት ድረስ በእጁ የሚቀረው እምነት ብቻ ነው። ወጣቱ አሊዲና ከሒሳብና ከሚዛን በፊት የተማሩት ትምህርት ማንን ማመን እንደሚገባ መለየት ነበር ማለት ይቻላል። ሴዋ ሐጂ በ1897 ሲያርፉ፣ ቪስራም የሲራራውን ንግድ ተረክበው አስፋፉት።

በዚያው ዘመን አገሩን የለወጠ ሥራ ተጀምሮ ነበር። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ መዘርጋት የጀመሩት የባቡር ሐዲድ በ1901 መጨረሻ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ዛሬ ኪሱሙ ከምትባለው ከተማ ደረሰ። ለዚህ ሥራ ወደ 32,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ከሕንድ መጥተው፣ ከሥራው ፍጻሜ በኋላ እዚሁ የቀሩት 6,700 ያህሉ ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው የምሥራቅ አፍሪካ ሕንዳውያን ባለሱቆች ሁሉ የእነዚያ ሠራተኞች ልጆች ይመስሉታል። አብዛኞቹ ግን በራሳቸው ወጪ፣ ዘመድ ዘመድን እየጠራ የመጡ ናቸው፤ የእኛም አመጣጥ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቪስራም ሐዲዱን እየተከተሉ ሱቅ ከፈቱ፤ ባቡሩ ሐይቁ ዘንድ ከመድረሱ አስቀድመውም ካምፓላ ገብተው ነበር።

ቪስራም ከሌሎች ባለጠጎች የሚለዩት ከዚህ በኋላ ባደረጉት ነው። ከጉጃራትና ከኩች የሚመጡት ወጣቶች ገንዘብም ቋንቋም አልነበራቸውም። በዩጋንዳ የመጀመሪያው ባንክ የተከፈተው በ1906 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ብድር የሚጠየቅበት ቦታ ራሱ አልነበረም። ቪስራም እነዚህን ወጣቶች በመጀመሪያ በሱቆቻቸው ይቀጥሯቸዋል፤ በዚያም ሚዛኑን፣ መዝገቡንና ያገሩን ቋንቋ ይማራሉ። ታማኝነቱ የታየው ወጣት ዕቃ በዱቤ ተሰጥቶት ሱቅ ወዳልነበረበት መንደር ሄዶ የራሱን ሱቅ ይከፍታል። ዕዳውን የሚከፍለው ሸጦ ነው።

ሸጦ የሚከፍልበትም መንገድ ታስቦበት ነበር። በ1900ው የቡጋንዳ ስምምነት መሠረት ገበሬው በየጎጆው 3 ሩፒ ግብር እንዲከፍል ተወሰነ፤ ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ አስፈለገው። ባለሱቁ ከገበሬው ሰሊጥ፣ ሚጥሚጣ፣ ቆዳ፣ በኋላም ጥጥ ይገዛል፤ ገበሬው ግብሩን ከፍሎ በቀረው ጨርቅና ጨው ይሸምታል። ባለሱቁ የገዛውን ምርት ቪስራም ተቀብለው በሐይቁና በባቡሩ ወደ ሞምባሳ ይልካሉ። በዚህ ዓይነት ትንሹ ነጋዴ ዕቃ የሚያቀርብለትንም፣ ምርት የሚገዛውንም በአንድ ቤት አገኘ። ይህ ድጋፍ የራሱ ሸክም ነበረው፤ አበዳሪውም ገዢውም አንድ ሰው ሲሆን ባለሱቁ በዋጋ ለመከራከር አቅም አይኖረውም። ቢሆንም ያለዚያ ዱቤ ብዙዎቹ ሱቆች ጨርሶ ባልተከፈቱ ነበር። የቪስራም ቅርንጫፎች ከ30 በልጠው፣ ከሞምባሳ እስከ ደቡብ ሱዳንና ኮንጎ ጠረፍ ደረሱ፤ ጥጥ ወደ መዳመጥና ወደ ሌሎች ፋብሪካዎችም ገቡ። ሰዎች ዘውድ ያልጫኑ የዩጋንዳ ንጉሥ ይሏቸው ነበር።

ኑሮው ግን አልጋ ባልጋ አልነበረም። በ1902 ናይሮቢ ውስጥ ወረርሽኝ ገባ ተብሎ የሕንዶቹ ገበያ በባለሥልጣኖች ትእዛዝ በእሳት ተቃጠለ። የኬንያ ደጋ መሬት ለነጮች ብቻ ተብሎ ተከለለ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በእንቅልፍ በሽታ መቶ ሺዎች አልቀው፣ ባለሱቅ የነበረበት መንደር ሁሉ ባዶ ቀረ። እንዲህ ያለውን በደልና መከራ አንድ ሱቅ ለብቻው እንደማይችለው ስላወቁ፣ በ1900 በሞምባሳ የሕንዳውያን ማኅበር ሲቋቋም ቪስራም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። እጃቸውም ለወገናቸው ብቻ የተዘረጋ አልነበረም፤ እምነታቸው እስልምና ሆኖ ሳለ እዚህ ካምፓላ ላለው የናሚሬምቤ ካቴድራል ገንዘብ መለገሳቸው ይነገርላቸዋል።

በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ወደ ኮንጎ ለንግድ ሄደው ሳለ በትኩሳት ታመሙና ካምፓላ ውስጥ አረፉ። 65 ዓመታቸው ነበር። ልጃቸው አብዱልረሱል በአባቱ ስም በሞምባሳ ትልቅ ትምህርት ቤት አሠራ፤ በ1923ም ተከፈተ። ንግዱ ግን ብዙ አልቆየም። ያን ሁሉ ሱቅ አያይዞ የያዘው የአንድ ሰው ዓይንና የአንድ ሰው ቃል ነበርና፣ እሳቸው ካለፉ በኋላ በ1920ዎቹ ድርጅቱ ፈረሰ። ትምህርት ቤቱ ግን ቆመ፤ እነሆ እስከ ዛሬ ያስተምራል።

የቪስራም ታሪክ ከዚህም ወዲያ ሌላ መራራ ምዕራፍ አለው። እሳቸው የዘረጉት ዱቤ በአብዛኛው ከወገን ወደ ወገን የሚተላለፍ ነበር፤ አፍሪካዊው ደንበኛ እንጂ ባለሱቅ የሚሆንበት ዕድል ጠባብ ነበር። የቅኝ ገዢዎቹ ሕግም ይህንን አባሰው፤ ለምሳሌ በታንጋኒካ በ1931 የወጣው ሕግ ለአገሬው ሰው ብድር መስጠትን ይገድብ ነበር። ቂሙ ሲከማች ኖሮ፣ በነሐሴ 1972 ኢዲ አሚን የዩጋንዳ እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። የተፈጸመው ግፍ ነው፤ ለግፍ ማመካኛ አይገኝለትም። በሰው አገር የሚነግድ ሰው ግን ጎረቤቱን ደንበኛ ብቻ አድርጎ መተው እንደማያዋጣው ከዚህ ሊማር ይችላል።

እኛስ? ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችንም በየሰፈሩ ዱቤ እየመዘገቡ ያሳደጉን የየመን ተወላጆች ነበሩ፤ ሱቃቸውን አረብ ቤት እንለው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከሕንድ የመጣው የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት ስሙ የገነነ ነበር። ዛሬ ተራው የእኛ ሆኗል። አዲስ የመጣ ወገን ሲያጋጥመን ቪስራም ያደረጉትን ማድረግ እንችላለን፤ ሥራ አስተምሮ፣ ዋስ ሆኖ፣ ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ ማቋቋም። ነገር ግን ይህ ደግነት በአንድ ባለጠጋ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ እቁባችንና ማኅበራችን ይያዙት፤ ሰው ያልፋል፣ ማኅበር ይቀራልና። የአገሩን ልጅም በሱቃችን ሥራ እናስተምር፤ ነገ እሱም ባለሱቅ ይሁን።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!