ቅዱስ ድሜጥሮስና የ11 ቀኑ ልዩነት

ቅዱስ ድሜጥሮስ አስቀድሞ ወይን ጠባቂ ነበር። ያለ ወራቱ ያፈራ ወይን ይዞ ወደ ሊቀ ጳጳሳት ዩልያኖስ በሄደ ጊዜ ለመንበሩ ታጨ፤ 12ኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክም ሆነ። ያልተማረ እንደ ነበር በስንክሳር እናነባለን። በዘመኑ ምእመናን ከጥምቀት ቀጥለው 40 ቀን ይጾሙ፣ ሕማማትንና ትንሣኤን ግን ለብቻ ያከብሩ ነበር። እርሱ ጾሙ ከትንሣኤ ጋር እንዲያያዝ፣ ትንሣኤም ከእሑድ እንዳይወጣ ተመኘ።

ችግሩ በሰማይ ነበር። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነውና በ11 ቀን ይበላለጣሉ። በትውፊታችን እንደምንማረው ሌሊት 23፣ ቀን 7 ሱባኤ ገባ። 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ተባለ። 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው፤ 30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህም መጥቅዕ ተባለ። የሁለቱ ድምር 30 ነው። አበቅቴው 11 ራሱ የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለቱ ብርሃናት በ19 ዓመት እንደሚገናኙ የአቴናው ሜቶን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ያውቅ ነበር፤ እኛም ንዑስ ቀመር የምንለው ይህንኑ ነው። ድሜጥሮስ ግን ቍጥሩን ለጾምና ለበዓል አዋለው። ዕረፍቱን ጥቅምት 12 ቀን እናከብራለን።